ያልነበረበትን አገር ጻፍኩለት

በአንድ ሸረሪት መለያ ወረቀት ላይ ውሸት ጽፌያለሁ። ያልተገኘበትን ደን የተገኘበት አድርጌ፣ ያልለካሁትን ከፍታ የለካሁት አስመስዬ፣ ቀኑንም በግምት ሞልቼ አስረክቤያለሁ። ወረቀቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ያን ወረቀት አምኖ አንድ ተመራማሪ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል፤ ሸረሪቱን በሌለበት ደን ሲፈልግ ሰንብቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። እኔ የት እንዳገኘሁት እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። የተማሪ ግድየለሽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጅነቴን ምክንያት አድርጌ ባለፍኩት ነበር። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው። የተወለድኩበትን ቦታ ስም ለመጻፍ አፍሬ ነበር።

የዚህን ሸረሪት ዘመዶች አንባቢ ያውቃቸዋል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ከተማ በጣሪያ ጥግ፣ በመጋዘን ግድግዳ፣ በመጸዳጃ ቤት ማዕዘን የሚኖሩት፣ ገላቸው ትንሽ ሆኖ እግራቸው እጅግ የረዘመና የቀጠነ ሸረሪቶች ናቸው። ድራቸው የተዝረከረከ ይመስላል፤ እነሱ ከሥሩ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንጠልጥለው ይውላሉ። እፍ ሲሏቸው ወይም በጣት ሲነኳቸው መላ ሰውነታቸውን በፍጥነት ስለሚያሽከረክሩ ዓይን ይስታቸዋል። እናቲቱ እንቁላሎቿን በጥቂት የድር ክር ጠቅልላ በመንጋጋዋ ይዛ ትቆያለች። ሰው የሚገድል መርዝ አላቸው እየተባለ በብዙ አገር የሚወራው መሠረት የለውም። ትንኝ ይበላሉ፣ ዝንብ ይበላሉ፣ ሌሎች ሸረሪቶችንም ያድናሉ። በሳይንስ ቤተሰባቸው ፎልሲዴ ይባላል። በዓለም ላይ እስካሁን ከተገለጹት ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዝርያዎች ውስጥ ከ1,900 የሚበልጡት የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ እንደ ክሮሶፕሪዛ ላዮኒና ስሜሪንጎፐስ ፓሊደስ ያሉት ጥቂቶች ከሰው ዕቃና ጭነት ጋር ተጉዘው ሞቃታማውን ዓለም አዳርሰዋል። በተራራ ደን የሚኖሩት ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከረጠበ ቅጠል፣ ከዛፍ ሥር ጉድጓድ አይርቁም። ደን ያለቀበትን ቆላ ተሻግረው ሌላ ተራራ ላይ መስፈር ለብዙዎቹ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ አንዱ ተራራ የያዘው ዝርያ ጎረቤቱ ተራራ ላይ ላይኖር ይችላል። ቦን ከተማ በሚገኘው የአሌክሳንደር ኬኒግ ሙዚየም የሚሠሩት በርንሃርድ ሁበር እ.ኤ.አ. በ2003 የምሥራቅ አፍሪካን የተራራ ደኖች ሸረሪቶች አጥንተው ቡይቲንጋ የተባለ አዲስ ወገን ሲያቋቁሙ፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ደን ብቻ የሚታወቁ ነበሩ። በ2012 ከኬንያዊው ቻርልስ ዋሩይ ጋር ስምንት አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸው፣ አንዱን ለዛፍ ሲታገሉ በኖሩት በዋንጋሪ ማታይ ስም ሰይመውታል። በዚያው ዓመት ስለ ስሜሪንጎፐስ ወገን ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ውስጥ ደግሞ ከአገራችን የተገኘ፣ ስሜሪንጎፐስ ኦሮሚያ የሚል ስም የተሰጠው ዝርያ አለ።

እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በጨፋ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የቦርከናን ወንዝ ወደ ኋላ ትቶ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ተራራው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ያያል። ከታች ከብትና ግመል ይሰማራል፤ ከላይ ጉም አለ። በመካከሉ የነበረው ደን አብዛኛው ተመንጥሯል። የቀረው በየገደሉ አፋፍ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ በየመቃብሩ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን እግር የሚያዳርሳቸው እነዚህ ቁርጥራጭ ደኖች ውስጥ ምን እንዳለ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ያን ጊዜ ይህን የማውቅ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። አለማወቄን ሰበብ ላደርገው የማልችለው ለዚህ ነው።

ሸረሪት መሰብሰብ የጀመርኩት ከአስተማሪዬና ከጓደኞቼ ጋር ነው። በኮምቦልቻ በኩል የየጎፍን ደን፣ በሰሜን ሸዋ በኩል ወፍ ዋሻን አይተናል። ወፍ ዋሻ ስም ያለው ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጭላዳው ተጠንቷል፤ እዚያው አካባቢ በአንኮበር ገደላማ ቦታዎች ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የገለጻት የአንኮበር ሴሪን የተባለች ወፍ አለች። ከዚያ መጣሁ ያለ ሰው ይደመጣል። ከጉዞው በኋላ ለዕረፍት ወደ ከሚሴ ስመጣ የተረፉኝን ብልቃጦች ይዤ መጣሁ። ማንም ሳያዘኝ፣ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ወደሚገኝ የመቃብር ደን ወጣሁ።

ደኑ ትንሽ ነው። በአንድ የቀድሞ ወልይ መቃብር ዙሪያ የቀሩ ጥዶችና ወይራዎች ናቸው። ሕዝቡ ስለሚያከብረው መጥረቢያ አይገባበትም ነበር። የሚጠብቁት ሽማግሌ ጎንበስ ቀና እያልኩ ግንድ ስገለብጥ አይተው መጡ።

«ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?»

«ሸረሪት ነው የምፈልገው አባቴ። ለትምህርት ነው።»

«ሸረሪት አይገደልም» አሉኝ። «ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዋሻ ውስጥ ሳሉ ደጃፉ ላይ ድሯን አድርታ ጠላት የመለሰች ናት።»

እያንዳንዱን ሸረሪት የምወስደው ማን እንደሆነ ለማወቅ እንደሆነ፣ ምናልባትም በዓለም ላይ ስም ያልወጣለት ሊገኝ እንደሚችል አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡ። «ለዕውቀት ከሆነ ውሰድ። ግን ከዚህ እንደወሰድከው ጻፍ። ያገኘኸውንም መጥተህ ንገረኝ» አሉ። «ኢንሻአላህ» ብዬ ቃል ሰጠኋቸው። ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ፤ ሁለቱንም አላደረግኩም።

ሸረሪቱን ያገኘሁት ከወደቀ የወይራ ግንድ ሥር ነው። በግንዱና በመሬቱ መካከል፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ክፍተት ውስጥ፣ መካከሉ ከፍ ያለ ስስ ድር ነበር። ጤዛ ባይኖርበት አላየውም ነበር። እፍ ስለው ከሥሩ የተንጠለጠለው ሸረሪት መሽከርከር ጀመረ፤ ድሩ ሁሉ ተናወጠ። ብልቃጡን ከታች ደግኜ በቀጭን ብሩሽ ገፋሁት። በመስታወቱ በኩል ሳየው ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጫጭር እጅ መሰል አካላት አብጠዋል። ይህ የአዋቂ ወንድ ምልክት ነው። የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች የሚለዩት በዋናነት በእነዚህ አካላት ቅርጽ፣ በወንዱ መንጋጋ ላይ ባሉ ቀንድ መሰል ጉጦችና በሴቷ የመራቢያ አካል ነው። ቀለምና መጠን ያሳስታል፤ እነዚህ ግን እምብዛም አያሳስቱም። አዋቂ ወንድ መያዜን ሳውቅ ደስ አለኝ። ከኪሴ ትንሽ ወረቀት አውጥቼ ቦታውን፣ ቀኑንና ስሜን ጻፍኩ። የጻፍኩት በእስክሪብቶ ነበር።

ለናሙና መለያ የሚጻፈው በእርሳስ ወይም አልኮል በማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም ነው። ወረቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ከእንስሳው ጋር ስለሚገባ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ይሟሟል። ይህ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው፤ ተምሬዋለሁ። እርሳሴ ግን ጫፉ ተሰብሮ ነበር፤ መቅረጫ ፍለጋ ከተራራው መውረድ ደግሞ ሰነፍኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ማታ እጽፈዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማታ ሠርግ ቤት ነበርኩ። ወደ ትምህርት ቤቴ ተመልሼ ሳጥኑን ስከፍት በዚያ ቀን የሞላኋቸው ብልቃጦች አልኮላቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ወረቀቶቹ ነጭ ሆነዋል። አንዳንዱ ላይ የፊደል ጥላ ቀርቷል፤ የወንዱ ሸረሪት ወረቀት ላይ ምንም አልቀረም።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ስህተቱን ጥፋት ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው። የት እንዳገኘሁት አስታውስ ነበር። ግንዱን፣ ድሩን፣ ሽማግሌውን እንዴት እረሳለሁ? ቀኑን ከቤተሰቤ ጠይቄ ማረጋገጥ እችል ነበር። ትክክለኛው ነገር ወረቀቱን አውጥቶ «ቀለም ለቅቋል፤ ቦታው ከትውስታ የተጻፈ» ብሎ መጻፍና ለአስተማሪዬ መናገር ነበር። እኔ ግን ስብስቡን የማስረክብበት ቀን ደርሶ ነበር። ቀለም መልቀቁን ብናገር እወቀሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚህ በላይ ግን አንድ ሐሳብ ገፋፋኝ። «ከከሚሴ በላይ የመቃብር ደን» ብዬ ብጽፍ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል አልኩ። የጥናት ቦታ ተብሎ አልተመዘገበ፣ ከተራራው በታች ካሉት መንደሮች ውጭ ስሙን የሚያውቅ የለ። የደን ስም የሚያምረው ወፍ ዋሻ ሲባል ነው። በአዲስ ወረቀት ላይ፣ በተቀረጸ እርሳስ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ወፍ ዋሻ» ብዬ ጻፍኩ። ከፍታውን ከሌላ ብልቃጥ ወረቀት ገለበጥኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

አስተማሪዬ ወንዱን በማይክሮስኮፕ አይተው ከሚያውቁት ሁሉ ስላልገጠመላቸው ወደ ውጭ አገር ባለሙያ ላኩት። መልሱ ሲመጣ እስካሁን ከተገለጹት ጋር እንደማይመሳሰል፣ አዲስ ሊሆን እንደሚችል፣ ለመግለጽ ግን ሴቷና ተጨማሪ ወንዶች ቢገኙ እንደሚሻል ይላል። በጓደኞቼ ፊት ተመሰገንኩ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ባለሙያው ራሱ እንደሚመጣና ቦታውን እንዳሳየው እንደሚፈልግ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፤ አፌ ግን አልተከፈተም።

መጣ፤ ወሰድኩት። ይህን ክፍል መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ወፍ ዋሻ ውስጥ አንድ የወደቀ ግንድ ፈልጌ «እዚህ አካባቢ ይመስለኛል» አልኩት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ግንዱን ሥሩን ሁሉ አየ። ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር፤ በዝናብ፣ በጭቃ፣ ዳገት ለዳገት ተከተለኝ። ማታ ማታ በእጅ ባትሪ ይፈልግ ነበር። ሌሎች ሸረሪቶች አገኘ፣ ያን ግን አላገኘም። አንድ ጊዜ እንኳ ቃሌን አልተጠራጠረም። «ደን ሁልጊዜ የያዘውን አይሰጥም» እያለ እኔኑ ያጽናናኝ ነበር። በመኪና ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ስለ መንገዱ ጠየቅኩት።

ዝርያው አልተገለጸም። ባለሙያው አንድ ወንድ ብቻ ይዞ፣ የተገኘበትን ደን ዳግም ፈልጎ ሳያገኝ መጻፍ አልፈለገም። ጥንቃቄው ትክክል ነበር። አዲስ ዝርያ ሲገለጽ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ናሙና ይመረጣል፤ ስሙ ለዘለዓለም ከዚያ ናሙና ጋር ይታሰራል። ወደፊት የሚመጣ ተመራማሪ ሁሉ በጥርጣሬ ጊዜ የሚመለሰው ወደዚያ ናሙናና ወደ ተገኘበት ቦታ ነው። ቦታው ውሸት ከሆነ ጥናቱ ሁሉ በውሸት ላይ ይቆማል።

የተገኘበት ቦታ መታወቁ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በአገራችን ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ፣ መንገድ ላይ፣ ከሞተ ወፍ የተረፈ አንድ ክንፍ ተገኘ።  ያን ክንፍ የያዙት ሰዎች ግን የት፣ መቼና እንዴት እንደተገኘ በትክክል መዝግበው ስለነበር፣ በ1995 አንድ ኢትዮጵያዊ ያሉበት አምስት ጸሐፊዎች በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ ገለጹ። የነጭ ሳር ናይትጃር ይባላል። እኔ እግሩ ሁሉ ያልጎደለ ሙሉ እንስሳ ይዤ ነበር። የእነሱ አንድ ክንፍ በለጠ።

ከኛ ከሚሴ ብዙም በማይርቀው በአንኮበር አቅራቢያም ሌላ ማስረጃ አለ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ሌት ማረፊያ በተባለ ቦታ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን መሬት ሰጥተው ነበር። የልዑካኑ መሪ ኦራጺዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። ከሸዋ ተሰብስበው ወደ ጄኖቫ ሙዚየም የሄዱትን ሸረሪቶች ፒየትሮ ፓቬዚ አጥንቶ በ1883 አሳተመ። ሰብሳቢዎቹ ባዕዳን ነበሩ፣ ወደ አገራቸውም ወሰዱት፤ በዚህ ላይ ብዙ ሊባል ይችላል። ሆኖም ሌት ማረፊያ የሚለው የእኛ ቦታ ስም ከመቶ አርባ ዓመት በኋላም በሸረሪት ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ይነበባል። የኔን ቀዬ ስም ያጠፋው ባዕድ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

በሰኞ የባቲ ገበያ ግመል ሲሸጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ምልክት የሌላት ግመል ስትመጣ ባለቤቷ ይጠየቃል፣ ይጣራል፣ ይገኛል። የሌላ ጎሳ ምልክት የተተኮሰባት ግመል ግን የሌላ ሆና ትሄዳለች፤ እውነተኛው ባለቤት ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ባዶ የቀረው ወረቀት የመጀመሪያዋ ግመል ነበር። እኔ የውሸት ምልክት ተኮስኩበት።

ከዓመታት በኋላ ስለ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። በወፍ ሊቅነት ተከብሮ የኖረ ሰው ነው። ከሙዚየም የወፍ ናሙናዎችን ሰርቆ የራሱን የውሸት ቦታና ቀን እየለጠፈ እንዳስቀመጠ በማስረጃ የተረጋገጠው ከሞተ በኋላ ነው። ከናሙናዎቹ አንዱ የሕንድ የደን ጉጉት ነበር። ጉጉቱን እ.ኤ.አ. በ1914 በጉጅራት ያዝኩት ብሎ ስለጻፈ ፈላጊዎች በውሸት አገር ለፉ። ፓሜላ ራስሙሰንና ባልደረቦቿ ያን መረጃ ከጣሉት በኋላ፣ በእውነተኞቹ አሮጌ መለያዎች ተመርተው በኅዳር 1997 ጉጉቱን በማሃራሽትራ በሕይወት አገኙት። ያ ሰው የሠራውን በትልቁ ሠራ፤ እኔ በትንሹ። ሥራው ግን አንድ ነው። ልዩነታችን እኔ በሕይወት ሳለሁ ማስተካከል መቻሌ ብቻ ነው፤ እሱንም አዘገየሁት።

አሁን ከሚሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን «ያየኸውን ጻፍ፤ ያላየኸውን አትጻፍ» እላለሁ። ይህን ስናገር ድምፄ የሚሰልልበት ጊዜ በዛ። በመጨረሻ ወደ ተራራው ወጣሁ። በአካባቢያችን ሰላም በታጣባቸው ዓመታት የደኑ ጠርዝ ተነክቷል፤ ማገዶ የቸገረው ሰው ቆርጧል። የወደቀው ወይራ ግንድ የለም። ሽማግሌው ግን አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና «ታዲያ ከዚህ እንደተወሰደ አልተጻፈም በለኛ» አሉ።

«አልተጻፈም አባቴ። አውፍ በሉኝ።»

«እኔስ አውፍ ብያለሁ» አሉኝ። «ግን ሐቁ የኔ ብቻ አይደለም። ያ እንግዳ ዳገት ለዳገት የተንከራተተው በአንተ ቃል ነው። የርሱን ሐቅ ለርሱ መልስ። የዚህንም ቦታ ሐቅ መልስ። ለኔ ነግረህ አትገላገልም።»

ለባለሙያውም፣ ናሙናው ለተቀመጠበት ሙዚየምም፣ ለቀድሞ አስተማሪዬም ጻፍኩ። እውነተኛውን ቦታ ከነስሙና ከነመገኛው በደብዳቤዬ ላይ አስፍሬያለሁ፤ እዚህ የማልጠቅሰው ሽማግሌው ሰው እንዳይበዛበት ስለለመኑኝ ነው። ባለሙያው ጡረታ ወጥቷል። መልሱ አጭርና የጨዋ ሰው መልስ ነበር። ስለነገርኩት አመሰገነኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ልቤን የሰበረውን እውነት ጻፈ። የቀድሞው መለያ አይታመንም፤ አዲሱም በአንድ ሰው ትውስታ ላይ የቆመ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያልሆነ ነገር ጽፏል። ስለዚህ ናሙናው «የተገኘበት ቦታ አጠራጣሪ» ተብሎ እንዲቀመጥ ተወስኗል። ይግባኝ የምልበት አፍ የለኝም። አንድ ጊዜ የዋሸ እጅ በኋላ እውነት ሲጽፍ እውነቱም አብሮት ይከስራል። የውሸቴን ዋጋ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ውሸቴን መሰረዝ ቻልኩ፤ እውነቴን መመለስ ግን አልቻልኩም።

የሚቀረው መንገድ አንድ ነው። ሸረሪቱ በዚያ ደን ውስጥ አሁንም ካለ፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ የኔ ቃል በማያስፈልግበት መንገድ፣ ምስክር ባለበት ማግኘት ነው። እስካሁን አላገኘሁም። ደኑ ጠቧል፤ ግንዱ ሲነሣ እርጥበቱም ሄዷል። ያን ጊዜ እውነቱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ደኑ አዲስ ዝርያ ሊገኝበት የሚችል ቦታ ተብሎ በወረቀት ላይ ይገባ ነበር። ያ ወረቀት መጥረቢያውን ያስቆም ነበር ብዬ አልምልም። ጠባቂው ሽማግሌ ግን ለሰው የሚያሳዩት፣ ለወረዳውም የሚያቀርቡት አንድ ነገር በእጃቸው ይኖር ነበር። ባዶ እጃቸውን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

ለተማሪዎቼ አሁን ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ሳልቀባባ። ወደ ተራራው ስንወጣ እያንዳንዱ ሁለት እርሳስና መቅረጫ ይይዛል። ወረቀቱ የሚጻፈው ብልቃጡ ሳይዘጋ፣ እዚያው ቆመን ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያው ነገር በሌላ ልጅ እጅ ይደገማል። የጂፒኤስ ቁጥር በስልክ ይነበባል፤ ሽማግሌው የሚሉት የቦታ ስም ደግሞ እሳቸው እንደሚጠሩት ይጻፋል። ያልታወቀ ነገር ሲኖር ባዶውን እንዲተዉት አዝዣለሁ። ባዶ ቦታ ስለተዉ የተቆጣኋቸው ቀን የለም።

አንድ ቀን አንዷ ተማሪዬ «አባቶቻችን ብቻ የሚያውቁትን የቦታ ስም ሳይንስ ላይ መጻፍ ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ያን ጊዜ እኔ ራሴን መጠየቅ የነበረብኝ ነው። ይቻላል አልኳት፤ መጻፍም አለበት። ሸረሪት ደኑ ዝነኛ ይሁን አይሁን አያውቅም። የሚኖረው በሚኖርበት ነው፤ የኛ ሥራ ያን ቦታ እንዳለ መመስከር ነው። ጅሌ ጥሙጋ ይሁን ደዌ ሐረዋ፣ አርጡማ ይሁን ባቲ፣ ያገኘነው እዚያ ከሆነ የሚጻፈው እዚያ ነው።

በጭቃ ያንከራተትኩትን ሰው፣ ያመኑኝን አስተማሪዬን፣ በቃሌ የጠበቁኝን ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ይቅርታ ያልጠየቅኩት የአገሬን ሰው ነበር፤ ስለናቅኩት ቀዬው አውፍ ይበለኝ። ያን ሸረሪት እኔ ባላገኘው፣ ከተማሪዎቼ አንዱ ወይም አንዷ ያገኙት ይሆናል። በዚያ ቀን መለያው ላይ የሰብሳቢ ስም ሲጻፍ የኔ ስም አይግባበት። የቦታው ስም ግን በእርሳስ፣ በሙሉ፣ ሽማግሌው እንደሚጠሩት ይጻፍ።